በእንግሊዝኛ ስለ ማነጻጸር
(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ ቃል፣ ስለ «ዛን» ነው፡፡ ቃሏ ትንሽ ብትሆንም ሰው የምታቀያይም መሆኗን በራሴ ደርሶ አይቻለሁ፡፡

አንድ ጊዜ ስለ ምግብ ቤታችን ጉዳይ በእንግሊዝኛ መግለጫ እንዳዘጋጅ ታዝዤ «ዊ ትረስት ዘ ኮሚቲ ሞር ዛን ዚ አዘር ስቱደንትስ» ብዬ ጻፍሁ፡፡ አሳቤ «ሌሎቹ ተማሪዎች ኮሚቴውን ከሚያምኑት ይበልጥ እኛ እናምነዋለን» ለማለት ነበር፡፡ ያነበቡት ጓደኞቻችን ግን «ሌሎቹን ተማሪዎች ከምናምናቸው ይበልጥ ኮሚቴውን እናምነዋለን» ያልሁ መስሏቸው ተቀየሙ፡፡ አልፈርድባቸውም፤ ዐረፍተ ነገሩ ሁለቱንም ይላል፡፡ በመጨረሻው ላይ «ዱ» የምትለዋን ቃል ብጨምር ኖሮ ቅያሜው ባልመጣ ነበር፡፡

ስሕተቱ ከየት ይመጣል? በአማርኛችን «ከ» ብለን ነገሩን ባጭሩ ብንተወው ሰሚው የቀረውን በልቡ ይሞላዋል፡፡ «የአዲስ አበባ አየር ከድሬዳዋ ይቀዘቅዛል» ብንል ግር የሚለው የለም፡፡ ይኸንኑ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ስንመልሰው ግን አየርን ከከተማ ጋር መመዘናችን ነው፡፡ አየር ከአየር ጋር እንዲመዘን «ዛን ዛት ኦፍ ድሬዳዋ» ማለት ይገባል፡፡ ከተማን ከከተማ ማነጻጸር የፈለገ ደግሞ፣ አዲስ አበባ በ2,300 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ «አዲስ አበባ ኢዝ ሃየር ዛን ድሬዳዋ» ቢል ትክክል ነው፡፡

ሁለተኛው ስሕተት ይኸ ነው፡፡ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ካገራችን ተራሮች ሁሉ የሚበልጥ ተራራ ነው፡፡ ነገር ግን «ሃየር ዛን ኤኒ ማውንቴን ኢን ኢትዮፕያ» ብንል፣ እርሱም ራሱ በኢትዮጵያ ስላለ፣ ከራሱ ይበልጣል ማለታችን ይሆናል፡፡ «ኤኒ አዘር» ብለን እርሱን ከተነጻጻሪዎቹ ቁጥር እናውጣው፡፡

ሦስተኛው፤ የአማርኛ ቅጽል ለማበላለጥ ብሎ መልኩን አይለውጥም፡፡ ስለዚህ «ቤተር» ብቻውን የጎደለው ይመስለንና «ሞር ቤተር» እንላለን፡፡ «ቤተር» ግን ብልጫውን በውስጡ ይዞታል፤ ረዳት አይሻም፡፡

እንግዲህ ጽሑፋችሁን ከመስጠታችሁ በፊት «ዛን» ካለችበት ቦታ ቆም በሉና ጠይቁ፡፡ ከእርሷ በፊት የተጻፈው ምንድር ነው? ከእርሷ በኋላ ያለውስ? ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸውን? የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ፈታኙ አሳባችንን የሚያገኘው በወረቀቱ ላይ ከጻፍነው ብቻ ነው፤ በልባችን ያስቀረነውን አይሞላልንም፡፡ እኔም ያን መግለጫ እንደ ገና ጽፌ፣ ጓደኞቼን ይቅርታ ጠይቄ ነው የታረቅሁት፡፡ እናንተ ግን አስቀድማችሁ ብታርሙት ይሻላል፡፡