አልጋ 7 ላይ ማን ነው ያለው?



ሐኪም ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ምን አገባት ትሉ ይሆናል። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረው ወንድሜ ስለ ፖይንተር ሲያስረዳኝ፣ እኔ የታየኝ ዋርድ ነው። ፖይንተር ዕቃውን ሳይሆን ዕቃው ሜሞሪ ውስጥ ያለበትን አድራሻ ነው የሚይዘው። እኛም ኢንተርን ሳለን ታካሚውን በስሙ ሳይሆን «አልጋ 7» ነበር የምንለው። የአልጋ 7 ሰው ወጥቶ ሌላ ቢተኛበትስ? አንድ ሌሊት ለትናንቱ ታካሚ ያዘዝኩት መርፌ ለዛሬው ሊሰጥ ነበር። ተረኛዋ ሲስተር «ዶክተር፣ ያንቺ ታካሚ ከሰዓት ወጥቷል፤ ይሄኛው ሌላ ነው፣ ፔኒሲሊን አይስማማውም» አለችኝ። «አይቻልም» ብቻ ብትለኝ ኖሮ፣ በዚያ ድካም፣ «በኔ ኃላፊነት ስጪው» ማለቴ አይቀርም ነበር።

ሊኑክስ ከርነል ውስጥም እንዲህ ያለች ሲስተር አለች። ፕሮግራም የማይሆን አድራሻ ይዞ ሲመጣ ከርነሉ አብሮት አይወድቅም፤ ስህተት ቁጥር 14፣ «መጥፎ አድራሻ» ብሎ ይመልሰዋል። ራሱ ከርነሉ ባዶ ፖይንተር ሲከተል ደግሞ የተነካውን አድራሻና እዚያ ያደረሱትን ጥሪዎች በተርታ ይጽፋል። አድራሻው 8 ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ፖይንተሩ ዜሮ ነበር ማለት ነው፤ ኮዱ የፈለገው ከመነሻው 8 ባይት ርቆ ያለውን ነው። እኛ ኢሲጂ አይተን የትኛው የልብ ደም ሥር እንደተዘጋ እንደምንገምተው።

ቁጥር ብቻ ሲሆን የሚመጣውን የኛ ሙያ አይቶታል። ቴራክ-25 የተባለው የጨረር ሕክምና ማሽን ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ስድስት ታካሚዎችን ከልክ በላይ በጨረር መታ፤ የሞቱም አሉ። በ1986 ቴክሳስ ውስጥ ስክሪኑ «ብልሽት 54» አለ። መመሪያው 54 ምን እንደሆነ አያስረዳም። ማሽኑ በረባ ባልረባው ስለሚቆም ባለሙያዋ እንደለመደችው «ቀጥል» የሚለውን ተጫነች። ሰውየው ለሁለተኛ ጊዜ ተመታ። (የዚያ ጥፋት ምንጭ ፖይንተር ሳይሆን የፕሮግራሙ ሥራዎች በጊዜ መሻማታቸው ነበር።) እሷን ለመውቀስ አፌ አይደፍርም፤ እኔም እጫነው ነበር።

የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን እዚህ ስላላችሁ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁን አንድ ሌሊት እኛ ዋርድ ላኩልን፤ ተረኛ ነርስ አጠገብ ቁጭ ይበሉ። አንዱ ሞኒተራችን ዛሬም «ስህተት» ብቻ ብሎ ይጮኻል። ሻዩ በኔ ነው።