የሦስት ወር መርፌና የአንጎል ዕጢ

(በአማኑኤል ከተማ ለባለትዳሮች የተደረገ ንግግር)



ወረፋ ስትጠብቁ «መርፌው ጭንቅላት ውስጥ ዕጢ ያበቅላል» የሚል ወሬ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ወሬው መሠረት የለውም አልልም፤ ግን ግማሹ ተቆርጦ ነው የደረሳችሁ።

የአንጎል ዕጢ ሁሉ አንድ አይደለም። ከራሱ ከአንጎል የሚነሣው ግሊዮማ ይባላል፤ ከዚህ ወገን በጥቂት ወራት የሚበረታ ክፉ ካንሰር አለ። ከመርፌው ጋር ስሙ የሚነሣው ግን ሜኒንጂዮማ ነው። ይህ አንጎልን ከሸፈነው ስስ ልባስ ይበቅላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ለዓመታት ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። ብዙውን ጊዜ ፕሮጄስትሮን ለተባለው የሴት ሆርሞን መቀበያ አለው፤ ዲፖ ፕሮቬራም የዚሁ ሆርሞን አምሳያ ነው።

በ2024 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የፈረንሳይ ጥናት እንዳሳየው፣ ለቀዶ ሕክምና የሚያደርስ ሜኒንጂዮማ መርፌውን ከአንድ ዓመት በላይ ከመውሰድ ጋር ተያይዞ ከአምስት እጥፍ በላይ ጨምሯል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ይሁን እንጂ ዕጢው ከመነሻው በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚታይ ስለሆነ፣ የጥቂቱ አምስት እጥፍም ጥቂት ነው። ሆርሞን ባለው ሉፕ ጭማሪው አልታየም፤ የመዳቡ ሉፕ ደግሞ ሆርሞንም የለው።

ስለዚህ መርፌውን ለብዙ ዓመታት የወሰድሽ እኅቴ፣ ሌላ መከላከያ ሳትይዢ አታቋርጪ። ያልታሰበ እርግዝና የሚያመጣውን ጣጣ ታውቂዋለሽ። ካርድሽን ይዘሽ ነይና ስለ መለወጥ እንነጋገር። ሜኒንጂዮማ አለብሽ የተባልሽ ከሆነ ግን መርፌውን ከመወጋትሽ በፊት ንገሪን።

በመርፌው ምክንያት የወር አበባ ቢቀር በሽታ አይደለም። መርፌ ሳትወስድ፣ ሳታረግዝና ሳታጠባ የወር አበባዋ ቀርቶ ከጡቷ ወተት የሚወጣ ሴት ግን ትመርመር። ፕሮላክቲኖማ የተባለ፣ ከአንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ ላይ የሚወጣ ዕጢ ሊሆን ይችላል። ወንድም ይይዘዋል፤ ስሜቱ ይጠፋል፣ እሱም አፍሮ ይደብቃል። አብዛኛው በእንክብል ይታከማል፤ መካን ነን ብለው ተስፋ የቆረጡም ወልደውበታል። እዚህ ቤት የሚመጣው ልጅ ለማራራቅ ብቻ አይደለምና ይህንንም ጠይቁን።

ባሎች ሆይ፣ ሚስታችሁን ጠዋት ጠዋት የሚብስ፣ እያደር የሚጨምር ራስ ምታት ከትውከት ጋር ከያዛት፣ ዓይኗ ከደከመ፣ አንድ ጎኗ ከዛለ፣ ወይም ቀድሞ ያልነበረ የሚጥል በሽታ ከጣላት አትዘግዩ። ጠበል መውሰዱን አልከለክልም፤ ግን ሐኪምም ይያት። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም፤ ስትሄዱ የመርፌ ካርዷን አትርሱ።