እገዳና ክልከላ፦ ስለ ፀረ ሰው ፈንጂ ዝውውር ሕግ



በሥላሴ ካቴድራል ቅጽር ግቢ በፋሺስት ወረራ ጊዜ የወደቁ አርበኞች አርፈዋል፤ ከጐኑም የፓርላማው ሕንፃ ይገኛል። ከዚያ ወረራ ጀምሮ፣ በኋላም በኦጋዴን ጦርነት፣ በእርስ በርስ ውጊያና በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት የተቀበረው ፈንጂ ገበሬውንና እረኛውን ሲጐዳ ኖሯል። በ1996 ዓ.ም. የተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት የተጐዱ 1,492 ማኅበረሰቦችን መዝግቧል። ፈንጂው በአብዛኛው የተሠራው በውጭ አገር ነውና፣ የላኪውን እጅ የሚይዝ ሕግ ከማንም ይልቅ የሚመለከተው ተቀባዩን አገር ነው።

ላኪውን ለመግታት ቀዳሚው ሙከራ በጥቅምት 1985 ዓ.ም. በሴናተር ፓትሪክ ሌሂ አመንጪነት የወጣው የአሜሪካ ሕግ ነው። መላክን ለአንድ ዓመት አገደ፤ ከዚያም ተራዘመ። እገዳ ግን ክልከላ አይደለም። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ያው መንግሥት ለዩክሬን ፀረ ሰው ፈንጂ ለመስጠት ወሰነ።

የኦታዋ ስምምነት ከዚህ ይለያል። አንቀጽ 1 በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለማንም ማስተላለፍን ይከለክላል፤ አንቀጽ 3 የሚፈቅደው የፈንጂ ማግኛና ማጽጃ ዘዴን ለማበልጸግ፣ ለሥልጠናና ለማጥፋት የሚደረገውን ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ኅዳር 24 ቀን 1990 ዓ.ም. ፈረመች፤ ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. የማጽደቂያ ሰነዷን አስገባች፤ ክምችቷንም በ2001 ዓ.ም. አጥፍታ ጨረሰች።

ለሕግ ባለሙያ የሚቀረው ጥያቄ የቅጣቱ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው፤ ሆኖም ቅጣትን አይወስንም። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ራሱ የቅጣት ድንጋጌን ጨምሮ ተገቢውን እርምጃ መውሰድን ለእያንዳንዱ አገር ትቶታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 2 ደግሞ ፍርድ ቤት በማመሳሰል ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክላል። ዐቃቤ ሕግ ክስ ቢያቀርብ የሚጠቅሰው ስለ ጦር መሣሪያ ንግድ የተደነገገውን የወንጀል አንቀጽ ይሆናል። ያ አንቀጽ ያለ ፈቃድ ወይም ከሕግ ውጭ የተደረገን ይቀጣል። ተከላካይ ጠበቃ «ፈቃድ ነበረኝ» ያለ እንደሆነ ክርክሩ ይከፈታል፤ ዳኛውም «ከሕግ ውጭ» የሚለው ሐረግ ስምምነቱን ይጨምር እንደሆነ ለመተርጐም ይገደዳል። ሰው በሚታሰርበት ጉዳይ ይህን ያህል ለትርጉም መተው ከባድ ነው። ፀረ ሰው ፈንጂን በስሙ ጠርቶ፣ ከአንቀጽ 3 ወሰን ውጭ ማናቸውም ባለ ሥልጣን ፈቃድ ሊሰጥበት እንደማይችል የሚደነግግ አንድ ንዑስ አንቀጽ ይህን ክርክር ይዘጋዋል።