የሩጫ ሰዓትና ሰው ሠራሽ ጨረቃዎች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በስፖርት ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



የምንናገረው በእጅ ላይ ስለሚታሰረው የሩጫ ሰዓት ነው። ነገሩ የጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰዓቱ «በኪሎ ሜትር 4 ደቂቃ እየሮጥህ ነው» ሲለው እውነቱ 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ የሆነበት ልጅ፥ በማጣሪያው ቀን በ5,000 ሜትር 50 ሰከንድ ይጐድልበታል። ወላጆችም ለዚህ ዕቃ የሚያወጡት ገንዘብ ቀላል አይደለም።

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ ፍጥነቱ በኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ያህል ነበረ። ይህን ከሰማይ የነገረው አልነበረም፤ የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ስፑትኒክ ከመጠቀች እንኳ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ዛሬ የአሜሪካኖቹ ጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይዞራሉ፤ የሩሲያው ግሎናስ፥ የአውሮፓው ጋሊሌዮና የቻይናው ቤይዱም አሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት የተላከበትን ጊዜ የያዘ ምልክት ይልካል። ምልክቱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፥ በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ መሳሳት ማለት በቦታ 300 ሜትር መሳሳት ማለት ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ቢያንስ አራት ሳተላይት ይፈልጋል፤ ሦስቱ ለቦታው፥ አራተኛው የራሱን ጊዜ ለማረም።

እንግዲህ በሰዓቱ ውስጥ «ጂ.ፒ.ኤስ. ብቻ»፥ «ሁሉም ሳተላይቶች» እና «ሁሉም በሁለት ሞገድ» የሚሉ ምርጫዎች ይገኛሉ። ሁለተኛው ሞገድ ለምን ይጠቅማል? ምልክቱ ከፎቅ ግድግዳ ነጥሮ ሲመጣ መንገዱ ስለሚረዝም ሰዓቱን ያታልለዋል። አዲሱ ሞገድ ኮዱ ከአሮጌው በዐሥር እጥፍ የጠበበ ስለ ሆነ፥ ቀጥታ የመጣውን ነጥሮ ከመጣው ለመለየት ይቀላል። ዋጋው የሚከፈለው በባትሪ ነው።

በከተማችን ሲታይ ምርጫው እንዲህ ነው። ዘንባባ በተተከለበት በጣና ዳር ሰማዩ ወለል ብሎ ይታያል፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይም እንዲሁ ነው። በነዚህ ቦታዎች «ሁሉም ሳተላይቶች» የሚለው ከበቂ በላይ ነው፤ «ጂ.ፒ.ኤስ. ብቻ» እንኳ አያሳፍርም። በትልልቅ ዋርካ ሥር፥ በመሀል ከተማ በፎቆች መካከል፥ ከሁሉም ይልቅ ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅልበት በዘጌ ደን ውስጥ ግን ባለ ሁለት ሞገዱን መክፈት ይገባል። በጣና ዳር ብቻ ለሚሮጥ ልጅ ስለ ሁለተኛው ሞገድ ሲባል ውድ ሰዓት መግዛት፥ በእኛ አስተያየት፥ ገንዘብ ማባከን ነው። ለዚያ ጥሩ ጫማ ይገዛል። ባትሪ ለመቈጠብ ሳተላይቱን እያጠፋ የሚያበራውን ምርጫ ግን ለፍጥነት ልኬት ከቶ አትንኩት፤ ጠመዝማዛውን መንገድ በቀጥታ እየቈረጠ ያሳጥረዋል። «በየሰከንዱ መዝግብ» የሚለውን ምረጡ፤ ከመነሣታችሁም በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ ሜዳ ላይ ቁሙ።

ባሕር ዳር ከምድር መግነጢሳዊ ወገብ ብዙ ስለማትርቅ፥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላይኛው አየር የሚነሣው ሁከት የሳተላይትን ምልክት አንዳንድ ማታ ያውካል። ይህን በከተማችን ዩኒቨርሲቲ የሚያጠኑ ምሁራን አሉ። ጧት ለሚሮጥ ግን እምብዛም አያሳስብም።

ከምርጫዎቹ ሁሉ ይልቅ የሚበልጠው ግን የትኛውን ቍጥር እንደምናይ ነው። በኪሎ ሜትር 4 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው በሰከንድ 4 ሜትር ከ17 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። በዚያች ሰከንድ ሰዓቱ በአንድ ሜትር ብቻ ቢሳሳት 3 ደቂቃ ከ13፥ ወይም 5 ደቂቃ ከ15 ብሎ ሊያነብ ነው! ሰዓቶች ይህን መዝለል እያለዘቡ ቢያሳዩም ጨርሶ አይጠፋም። በሙሉ ኪሎ ሜትር ላይ ግን የ3 ሜትር ስሕተት አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ክበባችን የቅጽበቱን ፍጥነት ከሰዓቱ ገጽ አውጥቶ የኪሎ ሜትሩን አማካይ አስገብቶበታል። ልጆቹ መጀመሪያ አጕረመረሙ፤ በየእርምጃው ክንዳቸውን ማየት ለምደው ነበርና።

ለመመርመሪያም ትራክ አለ። በአንደኛው መስመር ዐሥር ዙር 4,000 ሜትር ነው፤ በስምንተኛው ግን እያንዳንዱ ዙር 53 ሜትር ያህል ይረዝማል። ሰዓታችሁ የትራክ ምርጫ ካለው የመስመሩን ቍጥር በትክክል ንገሩት።

ሰዓት የሌላችሁ ጓደኞቻችን፥ በትምህርት ቤታችን ሜዳ ዙሪያ በሜትር ለክተን በየ100 ሜትሩ ኖራ ቀብተናል። አንድ ተራ የእጅ ሰዓት ለአምስት ሰው ይበቃል። ቅዳሜ ጧት በ12 ሰዓት እንጀምራለን፤ ወላጆችም ብትመጡ ቈጣሪ ያስፈልገናል።