መሶባችንን በቴሌግራም ስንሸጥ



የመሶባችንን ፎቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ከጀመርን ወዲህ ጠያቂ አላጣንም። «ዋጋው በውስጥ መስመር» ሲባል ግን ብዙው ሳይጠይቅ ያልፋል፤ ስለዚህ ዋጋውን፣ ቁመቱንና ሥራው የሚፈጀውን ጊዜ ከፎቶው ሥር እንጽፋለን። ዋጋ ስናወጣ ስንደዶውን፣ አክርማውን፣ ቀለሙንና የታክሲውን እንደምራለን፤ የሰፊዋ ድካምም ይታሰባል። (ይህን «የቤት ሥራ ነው» ብሎ መተው የለመደብን ነገር ነው!)

ግማሽ ቀብድ ሳንቀበል ስፌት አንጀምርም። የክፍያ ደረሰኝ ፎቶ ሲላክልንም ገንዘቡ ሒሳባችን ውስጥ መግባቱን ሳናይ ዕቃ አንሰጥም፤ በተቀነባበረ ደረሰኝ መሶብ ሊወስዱ የሞከሩ ነበሩ። ደንበኛ ቢቆጣም ይጠብቅ።

ለፋሲካ የሚፈልጉ በጾሙ መግቢያ ይዘዙን። የተቀበላችሁትን ቀብድ እስከ ዓርብ አስመዝግቡ፤ ደብተሩ ቢሮ ነው።