የጎረቤት ልጆች ተከትበዋልና

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ኩፍኝ ነው። አንዳንድ እናት «የጎረቤቶቼ ልጆች ሁሉ ተከትበዋል፤ የእኔው ቢቀር ምን አለበት?» ትላለች። ይህ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እንዲያውም ግማሹ እውነት ነው።

ኩፍኝ በሳልና በትንፋሽ ይተላለፋል። በሽተኛው ከቤት ከወጣ በኋላ እንኳ ጀርሙ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ በቤቱ አየር ውስጥ ይቆያል። ደግሞም ሽፍታው ሊወጣ አራት ቀን ሲቀረው ጀምሮ ይጋባል። እናት ምኑንም ሳታውቅ ልጇን አዝላ ቡና ልትጠጣ ጎረቤት ትሄዳለች። ማንም ባልተከተበበት መንደር አንድ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል።

በሣር ክዳን ቤቶች መካከል የተነሣ እሳትን አስቡ። ክዳኑ ሁሉ ደረቅ ከሆነ እሳቱ ከቤት ቤት ይዘላል። በዙሪያው ያለው ክዳን ዝናብ ያራሰው ከሆነ ግን አንዱን ቤት በልቶ እዚያው ይጠፋል። የተከተበ ልጅ እንደ ራሰው ክዳን ነው። ኩፍኝን እንዲህ ለማስቆም ከመቶ ሰው 95 ያህሉ መከላከያው ሊኖረው ይገባል።

ታዲያ የቀሩት አምስቱ እነማን ናቸው? አንዱ ዘጠኝ ወር ያልሞላው ሕፃን ነው፤ የመደበኛው ክትባት ጊዜው ገና አልደረሰም። ክትባቱ ያልያዘላቸውም አሉ። በዘጠኝ ወራቸው ከተከተቡ መቶ ሕፃናት 15 ያህሉን አይዝላቸውም። በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 ወር ሁለተኛ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ያቺ እናት ልጇን ስታስቀር የእነዚህን ሕፃናት ቦታ ትሻማለች። አሥር እናቶች እንደ እርሷ ካሰቡማ እሳቱ መንገድ አገኘ ማለት ነው።

ፈንጣጣ እኮ የጠፋው መሄጃ አጥቶ ነው። ሠራተኞቹ በሽተኛውን እየፈለጉ በዙሪያው ያለውን ሰው ይከትቡ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው።

መንጋጋ ቆልፍ ግን ሌላ ነው። ከአፈርና ከቆሻሻ በቁስል ይገባል እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መንደሩ ሁሉ ቢከተብ ያልተከተበውን አያድነውም። ነፍሰ ጡር እናት ራሷ መከተብ አለባት፤ የሚወለደውንም ሕፃን ይጠብቀዋል።

አሁን የልጃችሁን የክትባት ካርድ አውጡ። ቀጠሮው የተጻፈበትን ቦታ በጣታችሁ እያሳያችሁ፣ ቀኑን ራሳችሁ አንብቡት።