አዋሽና የሁለት አገር ሐይቅ



ጅብ ከወንዙ በላይ ቆሞ፣ ከታች የምትጠጣውን አህያ «ውሃውን አታደፍርሺብኝ» ያለበትን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። አባይ በተነሣ ቁጥር «ውሃው በትክክል ይከፈል፤ ማንም ማንን አይጉዳ» እያልን እንከራከራለን። መልካም ነው። ዛሬ ግን በዚሁ ሚዛን፣ በደጃችን የሚያልፈውን አዋሽን እንመዝን ብለን ተነሥተናል።

አዋሽ በጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ይመነጫል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ፣ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ወሰን በሚያልፍበት በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በሐይቁ ግራና ቀኝ የሚኖሩት አፋሮች አንድ ሕዝብ ናቸው። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ ውሃ ስናሳንስበት ይሸሻል። ባለፉት አሥርተ ዓመታትም በእጅጉ ሸሽቷል። አንዱ ምክንያት ድርቅ ሲሆን፣ ሌላው ለመስኖ የምንጠልፈው ውሃ ነው።

ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረች፤ የቆቃ ግድብም በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። መተሐራና የታችኛው አዋሽ እርሻዎች ተከተሉ። እንጀራና መብራት አግኝተንበታልና ሥራውን አንነቅፍም። ዳሩ ግን የአዲስ አበባ ቆሻሻ በአቃቂ፣ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ በሞጆ ወንዝ ይወርዳል። ከተራቆተው ተራራ የታጠበው አፈር የቆቃን ሆድ ይሞላል፤ እንቦጭም በላዩ ይንሰራፋል። አዳማ የአዋሽን ውሃ አጣርታ ትጠጣለች፤ በታች በኩል ከወንዙ የሚቀዳው አርብቶ አደር ግን ማጣሪያ የለውም።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሕጉ አለ፤ ውሃውን ዘወትር እየለካ ለሕዝብ የሚናገር ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ተማሪዎች በመምህራን መሪነት በየወሩ ከሞጆና ከቆቃ ውሃ ቀድተው ይመርምሩ፤ ውጤቱም በማኅበራችን ጋዜጣ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ክረምት ወደየአገራችን ስንገባ፣ የላይኛው አዋሽ ልጆች የሆንን ከገበሬው ጋር እርከን እንሥራ፣ ችግኝ እንትከል። ሦስተኛ፣ ከጅቡቲ ተማሪዎች ጋር እንጻጻፍ፤ የለካነውን እንንገራቸው፤ በሐይቁ ዳር የሚያዩትንም ይንገሩን።

ስለ አዋሽ ጅቡቲ ስትጮህብን አልሰማንም። በአዋሽ ላይ ከላይ የቆምነው እኛ ነን። ጎረቤታችን ዝም ባለ ጊዜ የምንሠራው ሥራ፣ በአባይ ጉዳይ ለምንናገረው ቃል ምስክር ይሆነናል።